በጨዋታ ቀን ወደኋላ አይኬድም

የቀዮቹ አውቶቡስ በጨዋታ ቀን ወደኋላ አይሄድም። ይህ በክለቡ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የትም አልተጻፈም፤ ከተጻፈው ሁሉ ግን ይበልጥ ይከበራል። ነገሩ የተጀመረው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ለዋንጫ በሄዱበት ቀን አውቶቡሱ አንድ ጠባብ በር ላይ ደርሶ አልገባ ሲል፣ ሹፌሩ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ትንሽ ወደኋላ ቢል ከኋላ የወረደውን የኳሶቹን ከረጢት ጨፈለቀው። ሦስት ኳስ ተከታትሎ ፈነዳ። ያን ቀን አምስት ለዜሮ ተሸነፉ። በረኛው ሲጨፍር አድሮ እንደመጣ አገር ያወቀው ነገር ነበር፤ ጥፋቱ ግን በኋላ ማርሹ ላይ ተላከከ። ከዚያ ወዲህ በጨዋታ ቀን ያንን ማርሽ የነካ የለም።

ሹፌሩ በዚህ ነገር አላምንም ይል ነበር። ይሁን እንጂ ሰው ያላመነበትን ነገር ሃያ ዓመት አንድ ቀን ሳያዛንፍ ከፈጸመ፣ አያምንም ብሎ መከራከር ለተከራካሪውም ድካም ነው። ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን መንገዱን በእግሩ ሄዶ ያያል፤ የት እንደሚጠብ፣ የት አሸዋ እንደተራገፈ፣ የትኛው በር በየት በኩል እንደሚከፈት ልብ ይላል። ማታ አውቶቡሱን የሚያቆመው አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ነው። ደጋፊው «ጋሽ ወደፊት» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ተጫዋቾቹ ጋሼ ይሉታል።

ሁለተኛው ሕግ የራሱ ነው፤ ይሄኛው ተጽፏል። ከፊት መስታወቱ በላይ፣ በገዛ እጁ፣ በቀይ ቀለም፦ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው።» ጎማው እየተሽከረከረ ለማንም መልስ አይሰጥም። አንድ ጊዜ የክለቡ ፕሬዚዳንት ከኋላው ቆመው ስለ ነዳጅ ቢጠይቁት በጣቱ ወደ ላይ አመልክቶ ዝም አለ፤ ፕሬዚዳንቱም ቀና ብለው አነበቡና ሄደው ተቀመጡ። ይህን ሕግ የሚጥስ ወጌሻው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከሹፌሩ ጎን ካለችው አጭር ወንበር ላይ ሆኖ፣ «እኔ አንተን መች አናገርኩ፤ ከመስታወቱ ጋር ነው የማወራው» ይላል።

ዛሬ የጨዋታ ቀን ነው፤ ያውም ከአረንጓዴዎቹ ጋር። ሁለቱ ክለቦች በአንድ ከተማ፣ ከአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው ሰባ ዓመት ሲናቆሩ ኖረዋል። በቀይ ሰፈር ያደገ ሰው አረንጓዴ ካልሲ አይገዛም። እንግዲህ ከሁለት ወር በፊት የቀዮቹ የክንፍ ተጫዋች፣ ደጋፊው «ፌንጣ» እያለ ያሳደገው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በከተማው ተሰምቶ በማይታወቅ ገንዘብ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ፌንጣ የሹፌሩ ልጅ ነው። አንድ ልጁ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሹፌሩ መውጫ መግቢያ አጣ። ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ባለሱቁ፣ «እርስዎ ደግሞ አሁንም ዳቦ ይበላሉ እንዴ?» ይለዋል። አንዱ ከሃዲ ይለዋል፤ አንዱ ብድር ይጠይቀዋል፤ ጊዜ መቆጠብ የሚወድ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ያደርጋቸዋል። ገንዘቡን የወሰደው ክለቡ ነው ቢል ማን ሊሰማው። የጃኬቱን የተበላ ክርን እያዩ፣ «ለዘዴ ነው፣ ደብቆ ነው» ይላሉ። እሱ እንደሆነ ጃኬቱ ስለሚሞቀው ብቻ ነው የሚለብሰው።

ያንገበገበው ግን ገንዘቡም፣ አረንጓዴውም አልነበረም። ወሬው ከመሰማቱ በፊት በነበረው እሑድ ቡድኑ ከሩቅ ከተማ ተጫውቶ ሲመለስ፣ ልጁ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከጀርባው ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ትንፋሹ የአባቱን ማጅራት ይነካ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረም። በማግስቱ ነዳጅ ማደያ ላይ ቀጂው ቧንቧውን ሰክቶ፣ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለው። «ለምኑ?» አለ ሹፌሩ። ቀጂው ነገረው። በዚያ ከተማ ነገሩን ከሹፌሩ በኋላ የሰማ ቢኖር የዚያን ቀን የተወለደ ሕፃን ብቻ ነው።

«ራሱ መጥቶ፣ በገዛ አፉ ካልነገረኝ አላናግረውም» ብሎ ማለ።

«የት አግኝቶህ?» አለችው ሚስቱ። «ሁለቴ መጣ፤ ሁለቴም አውቶቡስ ላይ ነህ። ሲደውል አታነሳም።»

«እየነዳሁ ነዋ!»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ!»

ሚስቱ ከዚህ በኋላ አልተከራከረችም። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር የተማረችው ነገር ቢኖር፣ አውቶቡስ ከፊቱ ቆሞ እንደማይለመን ነው።

ጠዋት የክለቡ ግቢ ውስጥ ጎማዎቹን እየዞረ በብረት ዘንግ መታ መታ ሲያደርግ ቡድን መሪው መጣ። ይሄ ሰውዬ ሥራውን ከያዘ ስምንት ወሩ ነው፤ ከዚያ በፊት መጋዘን ላይ ነበር፤ ሰውንም እንደ ዕቃ ደጋግሞ ይቆጥራል።

«ስማ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ለዛሬ ሌላ ሹፌር ይያዝ ያሉ ነበሩ። እኔ ነኝ የተከራከርኩልህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ውስጥ መሆን አለብን። አንድ ደቂቃ ብንዘገይ ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ።»

«ምን ይላል?»

«አባትየው አዘገያቸው ነዋ!»

«ቀድመን ብንደርስስ?»

«ምን አለ ቀድመን ብንደርስ?»

«አባትየው ልጁን ለማየት ቸኮለ አይሉም?»

ቡድን መሪው አሰበበት። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። «እሱም አለ ለካ» አለ ከልቡ ተጨንቆ። «በቃ፣ ልክ በሰዓቱ አድርሰና!»

ሹፌሩ የመጨረሻውን ጎማ ሁለቴ መታው፤ አንዱን ለጎማው፣ አንዱን ለራሱ።

መንገድ ላይ አውቶቡሱ እንደወትሮው አልነበረም። እንደወትሮው ቢሆን በረኛው ያፏጫል፣ ተከላካዮቹ በካርታ ይነታረካሉ። ዛሬ ሁሉም መስኮት መስኮቱን ያያል። ከሹፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር ባዶዋን ናት። ሁለት ተቀያሪዎች መተላለፊያው ላይ ሻንጣ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠው እንኳ ያቺን ወንበር የነካት የለም። የሞተ ሰው አልጋ መስላለች።

«መስታወት ሆይ» አለ ወጌሻው እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሮ፤ «ሰው ልጁን ሁለት ወር የሚዘጋው ምን አድርጎት ነው? ገደለ? ቤት አቃጠለ? መለያ ነው የለወጠው። ሚስት የሚለውጥ አለ አይደል እንዴ በዚች ምድር?»

ሹፌሩ በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ።

«አንተን መች አናገርኩ? መስታወቱን ነው። መስታወት ደግሞ ከአንዳንድ ሰው ይሻላል፤ ቢያንስ ውስጡ ያለው ይታያል።»

የአረንጓዴዎቹ ስታዲየም የእንግዳ ቡድን በር ያለው ከጀርባ ነው። ወደዚያ የሚወስደው ሁለት መቶ ሜትር ያህል መንገድ በግራ የስታዲየሙ ግንብ፣ በቀኝ የብየዳ ቤቶችና ጎማ ጠጋኞች ይዘውት፣ አውቶቡሱ መስታወቶቹን አጥፎ ትንፋሹን ውጦ የሚያልፍበት ነው። በግንቡ ሥር የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ አለ። ሹፌሩ ትናንት በእርምጃው ለክቶታል፤ ችግር አልነበረበትም። ዛሬ ግን ከመታጠፊያው ገብቶ መንገዱን እንዳጋመሰ ፍሬን ያዘ።

በሩ ሃምሳ ሜትር ሲቀረው አንዲት አዲስ ነጭ የቤት መኪና መንገዱን በአግድም ዘግታለች። የፊት ጎማዋ ቦዩ ውስጥ ገብቷል፤ አፍንጫዋ ግንቡን ስሟል፤ ጭራዋ የአንዱን ጎማ ጠጋኝ ደጃፍ ዘግቷል። ጎማ ጠጋኙ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በሌላው እጁ «ወደኋላ! ወደኋላ በል እንጂ!» እያለ ያራግባል። መሪው ላይ የተቀመጠው ሰው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

ሹፌሩ ያንን ጭንቅላት አወቀው። ጸጉሩን በልጅነቱ የቆረጠው እሱ ነው።

«ፌንጣ ነው!» አለ በረኛው ከወንበሩ ተነሥቶ። «ምን ሊሠራ መጣ እዚህ? የእነሱ መግቢያ በዋናው መንገድ አይደለም እንዴ?»

«መንገድ ሊዘጋብን ልከውት ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

ቡድን መሪው ሰዓቱን አየ። «ሰባት ከሃያ! ጊዜ የለም። ወደኋላ በልና በዋናው መንገድ እንዙር።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ምን አለ?» አለ አምበሉ፤ በመስማቱ እንዳፈረ ሰው።

«ወደኋላ ነው ያለው?»

«ዛሬ?»

አሰልጣኙ ተነሣ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ስለ ልብ ምትና ስለ ላብ መጠን በቁጥር የሚናገር ሰው ነው። «ወንድሞቼ» አለ፤ «እኛ እኮ በሳይንስ የምንሠራ ሰዎች ነን። አንድ የማርሽ ዘንግ በአንድ የኳስ ጨዋታ ላይ…» ይህን ሲል የሹፌሩ እጅ ወደ ማርሹ ሲሄድ አየ። «ቆይ! ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» አለ ጮክ ብሎ። «ምን አስቸኮለን? ሌሎች አማራጮችን አሟጠን እንይ እንጂ።»

ሹፌሩ ማርሹን ነፃ ሊያደርግ ነበር እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ሞተሩን አጠፋ። በጎን መስታወቱ ሲያይ፣ ቀይ የለበሰ ደጋፊ መታጠፊያውን ሞልቶ እየዘፈነ ይመጣል። ዘፈኑን ያውቀዋል፤ ሁለት ወር ሙሉ ሳይፈልግ ሸምድዶታል።

«ፌንጣ ልማዱ ነው፣
ለምለም ካየ ይዘላል…»

ወደኋላ ልሂድ ቢልም አሁን መሄጃ የለውም። ደጋፊው በአውቶቡሱ ጎን ተሹለክልኮ እዚህ ለመድረስ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ቢፈጅበት ነው። ከደረሰ ደግሞ ያችን ነጭ መኪና ምን እንደሚያደርጋት ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ወረደ። ከወንበሩ ሥር ያነሣውን የጎማ ዘንግ በእጁ እንደያዘ ልብ አላለም። ልጁ ግን ልብ አለ፤ ማውረድ የጀመረውን መስኮት መልሶ ዘጋው።

ሹፌሩ መሐላውን አልረሳም። ወደ ጎማ ጠጋኙ ዞረ።

«ይሄ ሰውዬ ለምንድን ነው ወደኋላ የማይለው?»

«እኔን ይጠይቁኛል?» አለ ጎማ ጠጋኙ፤ የሚያዳምጠው በማግኘቱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ግማሽ ሰዓት ሆነኝ ስለምነው! ዘበኛው እዚህ ድረስ ወጥቶ በዚህ በር አትገባም ብሎ መለሰው። ወደኋላ ብለህ ውጣ ስለው፣ ዛሬ አልችልም አለኝ። ፍየል በማትዞርበት መንገድ ልዙር ብሎ ይኸው ቦይ ገባ። የኋላ ማርሹ ተሰብሯል ወይ ብለው፣ አልተሰበረም፣ ጨዋታ አለብኝ አለኝ! ጨዋታና የኋላ ማርሽ ምን አገናኛቸው? ጤነኛ ነው ግን?»

ሹፌሩ ዘንጉን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ አዛወረ።

ተጫዋቾቹ ከኋላው ወርደው ቆመው ነበር። ሁሉም ሰምተዋል።

«ወደኋላ አልልም አለ?» አለ አምበሉ።

«አረንጓዴ ለብሶ?» አለ በረኛው። ፊቱ ቀላ። «አረንጓዴ ለብሶ በእኛ ሕግ? ማን ፈቀደለት? ይሄ እኮ የእኛ ነው! እግሩን ሸጠ፣ ይሁን፤ ይሄን ደግሞ ማን ሸጠለት?»

«ሰባት ከሃያ አምስት!» አለ ቡድን መሪው።

አምበሉ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አያት፤ ወደ ሥራ የሚገባ ሰው እንደሚያደርገው እጅጌውን ሰበሰበ። «እናንሣት» አለ። «አንሥተን አፍንጫዋን ወደ በሩ እናዙራት። ከዚያ እሷም ወደፊት፣ እኛም ወደፊት።»

«የተቃራኒ ተጫዋች መኪና ልትሸከሙ?» አለ ቡድን መሪው። «ከጨዋታ በፊት? ወገባችሁስ?»

«ለወገባቸው እኔ አለሁ» አለ ወጌሻው።

አሰልጣኙ በልቡ ያሰላ ነበር። «አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ለአሥራ ስምንት ሰው» አለ፤ «ለእያንዳንዱ ሰባ ስምንት ኪሎ አይሞላም። ይቻላል። ጉልበታችሁን እጠፉ እንጂ ወገባችሁን እንዳታጎብጡ!»

በረኛው መስኮቱን በጣቱ አንኳኳ። «ውረድ እንጂ ጌታው! ከነገንዘብህ ማን ያነሣሃል!»

ልጁ ወረደ። አረንጓዴ ቱታው አዲስ ነው፤ የእጥፋቱ መስመር እንኳ አልጠፋም። ለሁሉም ሰላም ሊል አፉን ከፈተ፤ ከማን እንደሚጀምር ቸግሮት ዘጋው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሌሎቹ ጋር የመኪናዋን ሥር ያዘ።

«አንተ ተው» አለው አምበሉ ቀና ሳይል። «እግርህ ውድ ነው፣ ይሰበርብናል።»

«ጓዶች፣ እኔም ላግዝ…»

«ተው ተብለሃል።»

ቆጠሩ። በሦስተኛው ላይ መኪናዋ ቦዩን ለቀቀች፤ ጭቃ እያንጠባጠበች በአሥራ ስምንት ሰው እጅ ላይ ዞረች። አውቶቡሱን ተሹለክልኮ የደረሰው የመጀመሪያው ደጋፊ ያየውን ማመን አቅቶት ዘፈኑ አፉ ላይ ቀረ። ከኋላው ያሉትም እየደረሱ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሁለት ወር ያሰቡለት ስድብ ሁሉ ነበራቸው፤ የራሳቸው ቡድን ከሃዲውን እንደ ሙሽራ ተሸክሞ ለማየት ግን አልተዘጋጁም።

«ምንድን ነው የሚያደርጉት?» አለ አንዱ።

«ስፖርታዊ ጨዋነት» አለ ወጌሻው ቆፍጠን ብሎ። «ዕለት ዕለት ነው የሚሠሩት። ወዲያ በል፣ አየር ስጣቸው።»

መኪናዋ ወደ በሩ ዞራ ቆመች። ሹፌሩ የልጁን እጅ አየው። ቁልፉን ሁለቴ ጣለው። በዚህ እጅ፣ በዚህ ሕዝብ መሀል ንዳ ማለት ሌላ ቦይ መፈለግ ነው።

«ይሄ ልጅ» አለ ለወጌሻው፤ «ወዲያኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ በለው።»

«ወዲያኛው ወንበር ላይ ተቀመጥ ይልሃል» አለ ወጌሻው።

«ሰምቻለሁ» አለ ልጁ።

«ሰምቷል» አለ ወጌሻው ለሹፌሩ።

ሹፌሩ መሪውን ያዘ። ወንበሩ እንደ አልጋ ዝቅ ያለ ሆኖበት አንገቱን አስግጎ ነዳ። ሞተሩ ድምፅ የለውም፤ ይህም አናደደው፤ ድምፅ የሌለው ሞተር ምን እንደሚደብቅ አይታወቅም።

«አባዬ…» አለ ልጁ።

የሹፌሩ ጣት ሳያስበው ወደ ላይ ተነሣ። ከላይ ጽሑፍ አልነበረም፤ ለስላሳ የጨርቅ ጣሪያ ብቻ ነው። ልጁ ግን ዝም አለ።

ዘበኛው በሩ መሀል እጁን ዘርግቶ ጠበቃቸው። «ነግሬዋለሁ እኮ! የባለሜዳው ተጫዋች በዚህ በር አይገባም። በዋናው በር! እዚህ እንግዳ ብቻ ነው። ይኸው ወረቀቱ።»

«ምን ይላል?»

«የእንግዳው ቡድን፣ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ የቤት መኪና።»

«አንድ የቤት መኪና ይላል?»

«ይላል። የፕሬዚዳንታችሁ መሆኑ ነው።»

«ፕሬዚዳንታችን በክቡር እንግዶች በር ነው የሚገቡት። ሜዳ ላይ ጭቃ አይወዱም።»

«እና ይሄስ የማን ነው?»

ሹፌሩ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። በኋላ መስታወቱ አሥራ ስምንት ጭቃ የነካው ሰው፣ ከነሱም ኋላ ቀይ የለበሰው ሕዝብ ቆሞ ያዳምጣል።

«የእኛ ነው» አለ።

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። «ልጁስ?»

«ልጁም የእኛ ነው።»

«አረንጓዴ ለብሷል እኮ!»

«ልብስ ነው። ወረቀትህ ላይ ስለ ልብስ የሚል አለ?»

ዘበኛው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበበ፤ ገልብጦም አየው። «የለም» አለ እየከፋው። በሩን ከፈተ።

ሹፌሩ አልገባም። የእጅ ፍሬኑን ሳበና ሞተሩን አጠፋ።

«አሁን እየነዳሁ አይደለም» አለ ወደፊት እያየ። «ተናገር።»

«ምን ልናገር?»

«የምትናገረው የለህም?»

«አባዬ፣ ሁሉንም ታውቃለህ እኮ።»

«እኔ የማውቀው ነዳጅ ቀጂው የነገረኝን ነው! ሦስት ሰዓት! ሦስት ሰዓት ሙሉ ከጀርባዬ ተቀምጠህ!»

«ልነግርህ ነበር።»

«መቼ?»

«ሦስቱንም ሰዓት» አለ ልጁ። «አፌን ስከፍት ጽሑፉ ይታየኛል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ 'አባዬ' ብዬሃለሁ። በጣትህ አመለከትክ።»

ሹፌሩ አስታወሰ። እውነት ነው፤ ድልድዩ ጋ ጠርቶታል። ውሃ ሊጠይቀኝ ነው ብሎ ነበር።

«ቆመን ነበር እኮ!» አለ፤ መሪውን በመዳፉ መታው። «ለሽንት ቆመናል! ሃያ ደቂቃ!»

«ጎማ ስትመታ ነበር።»

«ጎማ ስመታ አልነዳም!»

«ጎማ ስትመታ ማናገር ይቻላል እንዴ?»

ሹፌሩ ይቻላል ሊል ነበር። ነገር ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ጎማ ሲመታ ያናገረው ሰው ቢፈልግ ትዝ የሚለው ቡድን መሪው ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ ጠዋት። ከኋላ የአውቶቡሱ ክላክስ ጮኸ፤ ማንም ነክቶት የማያውቀው ክላክስ። ቡድን መሪው መሆን አለበት።

«ወደዚህ በር ደግሞ ምን አመጣህ?»

«እንጃ» አለ ልጁ። «በሌላ በር ገብቼ አላውቅም። ካንተ ጋር ስመጣ ሁልጊዜ በዚህ ነው። ዘበኛው ሲመልሰኝ ነው የነቃሁት።»

ክላክሱ ደግሞ ጮኸ።

«በል ንገረኝ» አለ ሹፌሩ። «ከመጀመሪያው። ላልሰማ ሰው እንደምትነግረው።»

«አባዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው…»

«ይጠብቅ!»

ልጁ ወደ አባቱ ዞረ። «ክለብ ልቀይር ነው» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ አረንጓዴዎቹ።»

«አብደሃል?» አለ ሹፌሩ፤ ሁለት ወር ጉሮሮው ላይ የተቀረቀረችው ቃል ናት። «ሜዳቸውን አይተኸዋል? ሲዘንብ ረግረግ ነው! ያንተ ጉልበት ረግረግ ይችላል? እኔን ጠይቀኸኛል? ገንዘቡ ነው?»

«ገንዘቡም ነው» አለ ልጁ። «መጫወቱም ነው። ደግሞም… ካንተ አውቶቡስ ወርጄ በራሴ መሄድ ፈልጌ ነበር።»

ሹፌሩ ግንቡን፣ ቦዩን፣ መስታወቱ ላይ የተረጨውን ጭቃ በተራ አየ። «አየሁ» አለ። «በራስህ እንዴት እንደምትሄድ አየሁ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ከንፈሩ ግን ሳይፈልግ ተንቀሳቀሰ።

«ለእናትህ መቼ ነው የነገርካት?»

ልጁ የቱታውን እጥፋት ዳሰሰ።

«መቼ?»

«ከመፈረሜ በፊት።»

«ከእኔ በፊት!»

«እሷ አትነዳም እኮ አባዬ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ግቢው ውስጥ ሙሉ ዙር ዞሮ፣ አንዲት ስንዝር ወደኋላ ሳይል፣ መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ በሩ እንዲሆን አድርጎ አቆማት። ቁልፉን ለልጁ ሰጠ። «ሲዘንብ ባለጥርሱን ጫማ አድርግ» አለውና በእግሩ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ።

«ሰባት ከሠላሳ ስምንት!» አለ ቡድን መሪው ሊያለቅስ ደርሶ። «ስምንት ደቂቃ! ስምንት! ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ሰው ምን ይለናል? አባትየው…»

ሹፌሩ ተቀመጠ፣ አስነሣ፣ በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ። ቡድን መሪው አነበበና ሄዶ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ትንፋሹን ውጦ ወደፊት ተንቀሳቀሰ።

«መስታወት ሆይ» አለ ወጌሻው ቀስ ብሎ፤ «ልጁ ምን አለው ይሆን?»

ጎማው እየተሽከረከረ ነበር። ሹፌሩ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«ክለብ ሊቀይር ነው» አለ። «ታምናለህ? ዛሬ ነው የሚነግረኝ!»